ጊታር መጫወት የማይችለው ጊታር ሠሪ፦ የሊዮ ፌንደር ሕይወትና የአጭሩ ቤዝ ነገር

ለማኅበራዊ ሥራ ትምህርቴ የተግባር ልምምድ በማደርግበት ማትናስ አንዲት ጠባብ የሙዚቃ ክፍል አለች። ግድግዳዋ ላይ ሁለት ቤዝ ጊታሮች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ባለፈው ሰመስተር አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ረጅሙን አንሥታ ብዙ ታገለች። ጣቶቿ አልደረሱላትም። አጭሩን ስንሰጣት በዚያው ቀን አንድ ሙሉ ዜማ ተጫወተችበት። ሊወስዷት የመጡት እናቷ ቆመው አዳመጧትና ወደ እኔ ዞረው ዋጋውን ጠየቁኝ። ቀጥለውም ይኸኛው የልጅ መጫወቻ ነው ወይስ እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ ነው አሉኝ። ዛሬ ገዝተው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መግዛት ይኖርባቸው እንደሆነ ማወቅ ነበር የፈለጉት። በቤታችን እያንዳንዱ ሼቄል ተቆጥሮ እንደሚወጣ ለምናውቅ ሰዎች ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ስፈልግ የአንድ ሰው ሕይወት ላይ ደረስኩ። ሰውየው ሊዮ ፌንደር ይባላል። ስሙን በብዙ ጊታሮች ጭንቅላት ላይ ተጽፎ አይታችሁት ይሆናል። ዓለም ዛሬ የሚያውቀውን ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያበቃው እሱ ነው። በመጀመሪያ አጭሩን ሞክሮ የተወው፣ ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ ተመልሶ አጭር ቤዝ የሠራውም እሱ ነው። ለምን ተወው? ለምንስ ተመለሰበት? የእኚያን እናት ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ታሪክ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር የተወለደው ነሐሴ 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ አናሃይምና ፉለርተን በሚባሉ ከተሞች አካባቢ ነው። ወላጆቹ የብርቱካን እርሻ ነበራቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ የግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ በሌላው የመስታወት ዓይን አድርጎ ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ያልተጠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው አጎቱ ነው። አጎቱ ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚጠግንበት ሱቅ ነበረው። ሊዮ 13 ዓመት ሲሆነው አጎቱ የተጣሉ የሬዲዮ ክፍሎችንና አንድ ባትሪ በሣጥን አድርጎ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ወደ ሱቁ ሄዶ አጎቱ በገዛ እጁ የሠራውን ሬዲዮ አየ፣ ከፍ ብሎ ሲጮኽም ሰማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጆቹ ቤት ውስጥ የሰፈሩን ሰው ሬዲዮ ይጠግን ጀመር። የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ነገሮችን በመፍታትና በመግጠም ነው። ሙዚቃን በተመለከተ ጥቂት ፒያኖ፣ ከዚያም ሳክስፎን ተምሮ ነበር። ጊታር መጫወት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተማረም።

ሁለተኛ ደረጃን በ1928 ከጨረሰ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ ያጠናው ሒሳብ አያያዝ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1934 አስቴር የምትባል ሴት አገባ። ጊዜው ግን አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት ነበር፤ በሒሳብ ሥራው መቆየት አልቻለም። ከሥራ ሲወጣ 600 ዶላር ተበደረና በ1938 ፉለርተን ውስጥ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ሥራ የገባው በሁለት ሙያ ነው፤ በጠጋኝነትና በሒሳብ ሠራተኝነት። ጠጋኝ የሆነ ሰው ዕቃ የት ላይ እንደሚሰበር ያውቃል። ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ እያንዳንዱ ብሎን ስንት እንደሚያወጣ ይቆጥራል።

ወደ ሱቁ የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሸ ድምፅ ማጉያቸውን እየያዙ ይመጡ ነበር። እሱ መጫወት ስለማይችል መጠየቅና ማዳመጥ ግዴታው ሆነ። የት ላይ ያስቸግርሃል፣ ምን ይሰበርብሃል፣ መድረክ ላይ ምን አይሰማህም እያለ ይጠይቃቸዋል። የሠራውን ሰጥቷቸው በምሽት ጭፈራ ቤት እንዲሞክሩት ያደርጋል፤ ሲመልሱለት ፈትቶ ያስተካክላል። ሙዚቀኛ ባለመሆኑ የራሱን ጣዕም በሌላው ላይ መጫን አልቻለም። ለእኔ፣ የሰውን ችግር ከራሱ ከሰውየው አፍ ለመስማት ለምሠለጥነው፣ ከታሪኩ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

በ1945 ገደማ ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ተሻርኮ በጭን ላይ ተጋድመው የሚመቱ ኤሌክትሪክ ጊታሮችንና ማጉያዎችን መሥራት ጀመረ። ካውፍማን ዕዳው አስፈርቶት በ1946 ተለየው። ሊዮ ብቻውን ቀጠለ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጭንቅ ዓመታት ነበሩ። አስቴር በስልክ መሥሪያ ቤት እየሠራች በደመወዟ ቤቱን ትደግፍ ነበር። ትልልቅ ስም ያላቸው ድርጅቶች ከመወለዳቸው በፊት አንዲት ሴት ደመወዟን ይዛ ስትቆም ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም።

በ1950 የፌንደር ወፍራም፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ ቀረበ፤ በ1951 ቴሌካስተር የሚለውን ስም ያዘ። የቆዩት ጊታር ሠሪዎች አካሉን እንደ ቫዮሊን ጠርበው ያጎብጡታል፤ አንገቱን ደግሞ በማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ያዋሕዱታል። ይህ ብዙ ሰዓትና ብዙ ልምድ ያለው እጅ ይጠይቃል። ሊዮ አካሉን ከጠፍጣፋ እንጨት በማሽን ቆረጠ፤ አንገቱን በአራት ብሎን አሰረው። አንገቱ ቢጣመም አራቱን ብሎን ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። ብዙዎች ይህን አይተው ጀልባ መቅዘፊያ ነው እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ዕቃው በቀላሉ እንዲሠራ፣ በቀላሉ እንዲጠገን፣ ተራ ሙዚቀኛም እንዲገዛው አስቦ ነበር።

ወደ ቤዙ እንምጣ። ቤዝ ማለት ከዘፈኑ ሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ነው። የሮሃ ባንድን ካሴት ሰምቶ ያደገ ሰው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ስሙን ሳያውቅም ያውቀዋል፤ በሠርግ ላይ እግራችንን የሚያነሣው እሱ ነው። ከ1951 በፊት ግን በአብዛኛው ባንድ ውስጥ ይህን ድምፅ የሚያወጣው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው የሚመቱት ትልቅ ኮንትራባስ ነበር። መኪና ውስጥ አይገባም። ከበሮና ነፋስ መሣሪያ ሲጮኽ አይሰማም። ጣት የሚያርፍበት ምልክት ስለሌለው ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት የዓመታት ልምምድ ይፈልጋል። ሊዮ የሙዚቀኞቹን አቤቱታ ሰምቶ እንደ ጊታር ታንገት የሚንጠለጠል፣ አንገቱ ላይ የብረት መስመሮች ማለትም ፍሬቶች ያሉት፣ ኤሌክትሪክ የሆነ ቤዝ ሠራ። ጣት በፍሬቶቹ መካከል ካረፈ ድምፁ ልክ ይሆናል። ስለዚህም ፕሪሲዥን ቤዝ ብሎ ጠራው፤ ትክክለኛው ቤዝ እንደማለት ነው። ጊታር የሚያውቅ ሁሉ ቤዝ መጫወት ቻለ፤ አንድ ተጨማሪ የእንጀራ መንገድም ተከፈተለት።

እዚህ ላይ የርዝመት ጥያቄ መጣ። በሐሳቡ የመጀመሪያው እሱ አልነበረም። በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ ፖል ታትማርክ የሚባል ሰው ፍሬት ያለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ የክሩ ርዝመት ወደ 30 ኢንች ገደማ የሆነ፣ ዛሬ አጭር የምንለው ዓይነት ነው። ግን ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ተረሳ። ሊዮና የሥራ ባልደረባው ጆርጅ ፉለርተን 30 ኢንችም ሞከሩ፤ ድምፁ የፈለጉትን ያህል ጥልቅ አልሆነላቸውም። 36 ኢንችም ሞከሩ፤ በፍሬቶቹ መካከል ያለው ርቀት ለጣት በጣም ሰፋ። በመጨረሻ 34 ኢንች ላይ ቆሙ፤ ይህ 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዛሬም አብዛኛው ቤዝ በዚህ ልክ ይሠራል። እንግዲህ መለኪያው ከሰማይ አልወረደም፤ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በድምፅና በእጅ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። በ1952 ለዚሁ ቤዝ የሚሆን ቤዝማን የተባለ ማጉያ አከለበት። መንክ ሞንትጎመሪን የመሰሉ የጃዝ ሰዎች በላየነል ሃምፕተን ባንድ ውስጥ መሣሪያውን ይዘው በየአገሩ አስተዋወቁት።

ሌሎቹ ፋብሪካዎች ግን አጭሩን መረጡ። ጊብሰን በ1953 ያወጣው ቤዝ 30 ኢንች ተኩል ነበር። በጀርመን ሆፍነር የተባለው ድርጅት በ1950ዎቹ አጋማሽ ቫዮሊን የሚመስል አጭርና ቀላል ቤዝ ሠራ። በ1961 ፖል ማካርትኒ የሚባል ገና ስም ያላወጣ የእንግሊዝ ወጣት ሃምቡርግ ውስጥ ይህን ቤዝ ገዛ። የፌንደር ቤዝ 100 ፓውንድ ገደማ ያወጣ ነበር፤ ሆፍነሩ 30 ፓውንድ አካባቢ። ወጣቱ የገዛው አቅሙ የፈቀደውን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢትልስን የሰማ ሰው ሁሉ የዚያን አጭርና ርካሽ ቤዝ ድምፅ ሰማ።

የሊዮ ፋብሪካም አደገ። በ1954 ስትራቶካስተር፣ በ1960 ጃዝ ቤዝ ወጣ። ሰውየው ግን እየታመመ ነበር። ለዓመታት ያልለቀቀው ኢንፌክሽን አደከመው፤ ብዙ ዕድሜ እንደማይኖረው አመነ። በጥር 1965 ድርጅቱን ሲቢኤስ ለተባለው ትልቅ የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ600 ዶላር ብድር የተጀመረ ሥራ ነው። ሲቢኤስ ከጥቂት ወራት በፊት ከኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ የገዛው ድርሻ እንኳ ይህን ያህል አላወጣም ነበር። የሚያሳዝነው ከሽያጩ በኋላ ሌላ ሐኪም አግኝቶ ዳነ። ስሙን የያዘው ድርጅት ግን የእሱ አልነበረም፤ አማካሪ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በዚህ አማካሪነት ጊዜ ነው ወደ 30 ኢንች የተመለሰው። በ1966 ሙስታንግ ቤዝ ወጣ፤ ለፌንደር ድርጅት የነደፈው የመጨረሻው ቤዝ ነው። ድርጅቱ ተማሪዎችን አስቦ የሚያወጣቸው፣ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ጊታሮች ነበሩት፤ ሙስታንግ ቤዝም የነሱ ወንድም ሆነ። ትንሽ እጅ ላለው፣ ለጀማሪ፣ ከጊታር ወደ ቤዝ ለሚሻገር ሰው ታስቦ ተሠራ። አንድ ፒክአፕ ብቻ አለው፤ ፒክአፕ ማለት በማግኔትና በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተሠርቶ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው። ከዚያ በቀር አንድ የድምፅ መጠንና አንድ የቃና መቆጣጠሪያ ብቻ ነው ያለው።

አሁን የድምፁን ነገር በቀላሉ ላስረዳ። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ያንኑ ክር 34 ኢንች ላይም ሆነ 30 ኢንች ላይ ለዚሁ ድምፅ ብንቃኘው በአጭሩ ላይ ብዙ መወጠር አያስፈልገውም። ውጥረቱ ከመቶ 22 እጅ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ክሩ ለጣት ይለሰልሳል። ሁለተኛ፣ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች ይደበዝዛሉና የሚወጣው ድምፅ ክብ፣ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ረጅሙ ቤዝ ጥርት ብሎ ይናገራል፤ አጭሩ ከሥር ያጉረመርማል። አጭሩ የራሱ ችግር አለው፤ ቀጭን ክር ከተደረገበት ወይም በኃይል ከተመታ ክሩ ይላላና ፍሬቱን ይነካል። ርቀቱንም እንለካ። ከአንገቱ ጫፍ እስከ መጀመሪያው ፍሬት በረጅሙ 4.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ በአጭሩ 4.3። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለትልቅ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ለ12 ዓመት ልጅ ጣት ግን መድረስና አለመድረስ ነው።

ዋጋውስ? እኔ መጀመሪያ አጭሩ የሚረክሰው እንጨቱ ስላነሰ ይመስለኝ ነበር። ሒሳቡ እንዲያ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንገቱ ላይ ቢበዛ አራት ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር እንጨት ነው። ያ ከጠቅላላው ወጪ ኢምንት ነው። አጭሩም አራት መቃኛ ቁልፍ፣ ክር የሚያርፍበት ብረት፣ ፒክአፕ፣ ሽቦና ቀለም ይፈልጋል። ፍሬቶቹን የሚገጥመው፣ የሚሞርደውና የሚያስተካክለው የሠራተኛ እጅም አይቀንስም። ዋጋው የሚቀንሰው ሠሪው ሌላ ቦታ ላይ ሲቆጥብ ነው፤ ፒክአፕ ሲያሳንስ፣ ብረቱን ሲያቀል፣ የጉልበት ዋጋ ዝቅ ባለበት አገር ሲያሠራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፌንደር ስም የወጣው ሙዚክማስተር የተባለው አጭር ቤዝ ለምሳሌ የጊታር ፒክአፕ ነበር የተገጠመለት፤ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ። በጥሩ ዕቃና በጥንቃቄ የተሠራ አጭር ቤዝ ደግሞ ከብዙ ረጃጅም ቤዞች የበለጠ ያወጣል። ስለዚህ አጭርነትና ርካሽነት አብረው የሚሄዱት በተፈጥሮ አይደለም። የተማሪ ዕቃ የሚል ስም ስለተሰጠው በዚያ ስም ልክ ተሠራ፣ በዚያ ስም ልክም ተናቀ።

በትምህርቴ ስለ ስያሜ ብዙ እንማራለን፤ አንድን ልጅ ደካማ ብለው ከመዘገቡት በኋላ የሚሰጠውም በዚያው ልክ እንደሚሆን። በእንጨትና በብረት ላይ አየዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ስያሜውን የሰበሩት ደግሞ ተጫዋቾቹ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የቶኪንግ ሄድስ ቤዚስት ቲና ዌይማውዝ ሙስታንግ ቤዝ ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ የተማሪ ዕቃ ነው ብሎ ያቃለለ ሰው ሙዚቃውን አልሰማም ማለት ነው።

ሊዮ ከሲቢኤስ ጋር ባደረገው ውል ለአሥር ዓመት ተወዳዳሪ እንዳይሆን ታስሮ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ በ1975 ሚዩዚክ ማን የተባለ ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1976 ስቲንግሬይ የተባለውን ቤዝ አወጣ፤ ይህ ረጅም ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጎልበቻም ውስጡ ገብቶለታል። በ1979 አስቴር በካንሰር ሞተችበት። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊስ የምትባል ሴት አገባ። በዚያው ሰሞን ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ሌላ ፋብሪካ እዚያው ፉለርተን ከተማ አቋቋመ። ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ እጁን እያንቀጠቀጠው፣ አንደበቱን እያሰረው እንኳ ወደ ሥራው መሄዱን አልተወም። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን እንኳ ፋብሪካው ውስጥ ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለእኚያ እናት መልስ ይዤ ተመለስኩ። እንዲህ አልኳቸው፦ አጭሩ መጫወቻ አይደለም፤ ድምፁ የራሱ የሆነ እውነተኛ መሣሪያ ነው፤ ልጅቷ ካደገች በኋላም ልትተወው አትገደድም። ሲገዙ ግን ርዝመቱን ትተው ሥራውን ይመልከቱ። አንገቱ ቀጥ ያለ ይሁን፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ አይቧጭር፤ ቁልፎቹ ከተቃኙ በኋላ አይላሉ፤ ክሩ ለአጭር ቤዝ የተሠራና ወፈር ያለ ይሁን። ያገለገለ መግዛትም ነውር የለውም፤ አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ የሚበላሸው ነገር ይጠገናል።

እሳቸው ጥቂት አሰቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ይህን ሁሉ የሠራው ሰው ራሱ መጫወት አይችልም ነበር ወይ? አዎ፣ አይችልም ነበር አልኳቸው። ሳቁ። ልጅቷ ማጉያውን ከፍታ መጫወት ጀምራ ስለነበር ወሬያችንን አቁመን አዳመጥን።